የባለቤት መዋጮ

አከራዩ አዲሱን ውል በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና ንፋስ እንዳይወስደው ትልቁን መቀስ አነሣ።

«መቀሱን ተወው» አለ ልብስ ሰፊው።

«ወረቀቱ እንዳይበርብን ነው ጋሼ።»

«ይብረር። የጨርቅ መቀስ ወረቀት ከነካ ይደነዝዛል።»

«ልቆርጥበት እኮ አይደለም፤ ላስቀምጠው ነው።»

«መቀሱ ይህን አያውቅም።»

አከራዩ ሳቀና መቀሱን መለሰው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሱቁን ከአባቱ ወርሷል፤ ተከራዩንም አብሮ። የመጀመሪያ ረጅም ሱሪውን የለካለት ይኸው ሰው ስለሆነ የመጣበትን ጉዳይ ለመናገር አፉ ከበደው። ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ።

ልብስ ሰፊው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። አራት ሺህ የነበረው የወር ኪራይ ስድስት ሺህ ሆኗል።

«ጎረቤቶችዎ ሁሉ ፈርመዋል» አለ አከራዩ። «ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ከፈረሙ ሁለት ዓመት ማንም አይነካዎትም። ካልፈረሙ ግን ስልክ የሚሸጥ ሰው አለ። ቁልፉን እየጠበቀ ነው።»

«ለስልክ ይህን ያህል ቤት ምን ያደርግለታል? ኪስ ይበቃዋል።»

«እሱስ ልክ ነዎት» አለ አከራዩ፤ አልሳቀም።

ሊወጣ ሲል ደረጃው ላይ የተቀመጠችው የልብስ ሰፊው ሚስት የተጠቀለለ ቀሚስ ዘረጋችለት። «የእናትህ ነው። ዚፑ ተቀይሯል። ሃያ አምስት።»

«ዛሬ እንኳ እማማ?»

«ዛሬ በተለይ።»

ከፈለ። ማክሰኞ ነበር።

ልብስ ሰፊው ውሉን አላነበበውም። አጥፎ ከጠመኔው ሣጥን ስር አስገባና ወደ ጀመረው እጅጌ ተመለሰ።

ሰፈሩ ጋሼ ሜትር ይለዋል። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገቱ አይወርድም። በሠርጉ ቀን እንኳ ረስቶት ነበር፤ ፎቶግራፉ ላይ ጫፉ ከክራባቱ ስር ብቅ ብሎ ይታያል። ሙያውን የተማረበት ቤት ጌታ እጁ የተባረከ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን የደንበኛ ጨርቅ ያስቀራል የሚል ወሬ ተነሣበት። እውነት ይሁን ውሸት ያጣራ የለም፤ ሱቁ ግን በስድስት ወር ባዶ ሆነ። ጋሼ ሜትር የራሱን ሱቅ ሲከፍት ያንን አልረሳም። ደንበኛው ካመጣው ጨርቅ የተረፈው ሁሉ፣ ጣት የሚያህልም ቢሆን፣ ይለካል፤ በደብተር ይጻፋል፤ ተጠቅልሎ ከልብሱ ጋር ይመለሳል። ሰው በልብስ ሰፊ ላይ የሚቀልደውን ቀልድ በእርሱ ላይ የቀለደ የለም።

ሚስቱን ያገኛት እዚያው ሙያ በተማረበት ቤት ነው። የቁልፍ ቀዳዳ በእጇ ትሰፋ ነበር። እሷ ምሳ ስትወጣ አርባ ቀዳዳ በድብቅ ለካ፤ አንዱ ከሌላው በክር ውፍረት እንኳ አይበልጥም። በወሩ ላግባሽ አላት። ለምን እንደመረጣት ሲጠየቅ ዛሬም የሚናገረው ይህንኑ ነው። እሷም «ፊቴን ያየው ከዚያ በኋላ ነው» ትላለች።

አሁን እሷ በሩ ላይ ናት። የስፌት መኪናዋ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ግማሹ ከቆርቆሮው ጥላ ስር፣ ግማሹ ከጥላው ውጭ። ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የጠበበ ታሰፋለች። ሰው የበሯ እናት ይላታል። ሁለት ሜትር የሚረዝመው የመቁረጫ ጠረጴዛ ውስጡን ስለሞላው ለሌላ መኪና ቦታ የለም። ዝናብ ሲመጣ መኪናዋን በላስቲክ ትሸፍንና ግድግዳ ተጠግታ ትቆማለች። ጋሼ ሜትር የእሷን ሥራ «ጥቃቅን» ይለዋል። ክፋት የለበትም። ለእርሱ ውስጥ ያለው ሙሉ ልብስ ነው፤ በር ላይ ያለው ጥቃቅን ነው፤ ዓለም እንዲህ ነው የተከፈለችው።

ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤቱ የሚያድረው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ምራታቸው በሙያ ትምህርት ቤት የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ታስተምራለች። ረቡዕ ከክፍል ወጥታ በሱቁ በኩል ስታልፍ የበሯ እናት ቀሚሷን ያዝ አደረገቻት።

«ነይ እስቲ። ያ ሰውዬ ሊፈርም ነው። ብዕሩን ሁሉ አዘጋጅቷል። ይቻል አይቻል እንደሆነ ቁጭ ብለሽ ሒሳቡን ሥሪለት።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ እማማ?»

«እኔ የማውቀው ዚፕ ነው» አለችና ፔዳሏን ረገጠች።

ጋሼ ሜትር ጥያቄ የሚያስፈልገው ነገር አልታየውም። «ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚህ ነኝ። መሳቢያው ውስጥ አንድ ሺህ መነሻ አለኝ። በወር መጨረሻ ሁሉን ከፍዬ እቆጥራለሁ፤ ከሺው በላይ ያለውን ለቤት እወስዳለሁ። ሁልጊዜ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ገደማ ነው። ባዶ ሆኖ አያውቅም። መሳቢያ አይዋሽም መምህርት።»

«አይዋሽም አባባ፤ ግን ሁሉንም አይናገርም። ደብተር አለዎት?»

«ደብተር አለህ ወይ?» ብሎ ራሱን ጠየቀና ከመደርደሪያው የዓመቱን ደብተር አወረደላት። ከኋላው ሠላሳ ሰባት ሌሎች ተደርድረዋል።

ምራቱ ስትገልጠው ልቧ ሞላ። ቀን፣ የደንበኛ ስም፣ የትከሻ፣ የደረት፣ የወገብ ልክ። በስተቀኝ ጫፍ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «ትርፍ» የሚል ዓምድ አለ። 85። 120። 40። 95። አንድም መስመር አልተዘለለም። ተማሪዎቿ እንኳ እንዲህ አይጽፉም። የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ የሰባ ሁለት ሙሉ ልብስ ቀይ ቁጥሮችን ደመረች፤ ደግማ ደመረች።

«አባባ፣ በዓመቱ አምስት ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ አትርፈዋል። ብዙ አይደለም፤ ግን አልከሰሩም።»

ጋሼ ሜትር ካውያውን አቆመ። «ምን አተረፍኩ?»

«አምስት ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ። ይኸው በእጅዎ ጽሑፍ፤ ትርፍ፣ ትርፍ፣ ትርፍ።»

«እሱንማ መልሻለሁ።»

«ለማን?»

«ለባለቤቶቹ ነዋ!»

«ትርፉን ለደንበኞች መለሱ?»

«የሰው ትርፍ ይዤ ምን ላደርገው ነው?»

ተያዩ። እሷ ሰውየው ማርጀቱ ነው ብላ ፈራች። እሱ ደግሞ ይቺ ልጅ እዚያ ትምህርት ቤት የምታስተምረው ምንድን ነው ብሎ ፈራ። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና 85 ላይ ይዞ ዘረጋላት።

«ሳንቲሜትር ነው ልጄ። የተረፈ ጨርቅ ነው።»

በሩ ላይ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። የበሯ እናት ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

«ሃምሳ ሰባት ሜትር ከስልሳ» አለ ጋሼ ሜትር፤ በልቡ ነው ያሰላው። «በአንድ ዓመት። አንዲት ስንዝር አላስቀረሁም።»

«ታዲያ ለምን ቁርጥራጭ ብለው አይጽፉትም?»

«ቁርጥራጭ የሚጣል ነው። ትርፍ ግን የባለቤቱ ነው።»

«እኛም የምናስተምረው ይህንኑ ነው» አለችና እሷም ሳቀች።

የገንዘቡን ነገር ስትጠይቀው በእንጨት ላይ የቆመ ረጅም ሚስማር አሳያት። የዓመቱ ደረሰኝ ሁሉ ተሰክቶበታል። ሚስማሩን ከነደረሰኙ በቦርሳዋ ይዛ ሄደች።

ሒሳቡ አንድ ገጽ አልሞላም። ለአንድ ሙሉ ልብስ የሚያስከፍለው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው። ጨርቁን ደንበኛው ያመጣል። ገበሩን፣ ቁልፉን፣ ክሩንና የትከሻውን ስፖንጅ እሱ ይገዛል፤ ሦስት መቶ ሰማንያ። ስምንት መቶ ሃያ ይቀረዋል። በወር ስድስት ልብስ ነው፤ አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ። ከዚህ ላይ ኪራይ አራት ሺህ፣ መብራት አራት መቶ ሃያ፣ ዘይትና መርፌና ጥገና ሦስት መቶ፣ ለጥበቃ ሁለት መቶ ይቀነሳል።

ዜሮ ወጣ።

እንደገና ሠራችው። ዜሮ። ለዘጠኝ ዓመት ተማሪዎቿን «የማይከስሩበት የማያተርፉበት ነጥብ የቱ ነው?» እያለች ስትጠይቅ ኖራለች። መልሱ እንዲህ ቁልጭ ብሎ የሚወጣው በመጽሐፍ ላይ ብቻ ይመስላት ነበር። አማቷ ለአሥራ ሁለት ወር እዚያ ነጥብ ላይ ቆመው ሲሰፉ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፈችው። «አንድ ልብስ ሰፊ በወር ስድስት ሙሉ ልብስ ይሰፋል» ብላ ጀመረች፤ ስም የለውም። ወጪውንና በየወሩ ከመሳቢያው ለቤት የሚወስደውን ጨመረችበት። ኪራዩ በሁለት ሺህ ቢጨምር ምን ያድርግ? በክፍሉ ሃያ አራት ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ሥራ ያላቸው ናቸው። የዳቦ ቤት ገንዘብ ያዥ የሆነችው ሴት ቀድማ እጇን አወጣች።

«ይዝጋ። በወር ሁለት ሺህ ሊከስር ምን ይጠብቃል?»

«ሥራውን ቢወድስ?» አለች መምህርቷ።

«መውደድ የሚገባው በየትኛው ዓምድ ነው መምህር?»

ክፍሉ ሳቀ። ፊት የተቀመጠው የመጋዘን ሠራተኛ ግን ሰሌዳውን እያየ አልሳቀም። «ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል» አለ። «ዜሮ የሚያተርፍ ሰው በየወሩ ከመሳቢያው ሁለት ሺህ አምስት መቶ የሚወስደው ከየት አምጥቶ ነው? ወይ ይሰርቃል፣ ወይ የሚሰጠው አለ።»

«አይሰርቅም» አለች። ቶሎ ስለመለሰች ተማሪዎቹ ቀና ብለው አዩዋት።

«እሺ፣ ምን ብለን እንጻፈው?» አለ የመጋዘን ሠራተኛው።

የምታስተምረውን ደንብ ነገረቻቸው። ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ በሱቅ ውስጥ ሲገኝ፣ ሌላ ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ፣ የሱቁ ጌታ ከኪሱ አስገብቶታል ተብሎ ይያዛል። ዓምዱም የባለቤት መዋጮ ይባላል። ሁሉም ገለበጡ። መምህርቷም በራሷ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ ባለፈው ዓመት ብቻ ሠላሳ ሺህ።

ከክፍል ስትወጣ የገባት መስሏታል። ጋሼ ሜትር ከቀድሞው ደግ ዘመን ያስቀመጠው ገንዘብ አለው። በየወሩ እየቆነጠረ መሳቢያው ውስጥ ይጨምርና መልሶ ያወጣዋል። ሚስቱ ሱቁ ያተርፋል ብላ እንድታምን ነው። ይህን እያወቀ የሚፈርም ከሆነ ያ የተቀመጠ ገንዘብ በሁለት ዓመት ያልቃል። ብቻውን አግኝታ፣ ቀስ ብላ፣ የበሯ እናት ሳትሰማ ልትነግረው ወሰነች።

ዓርብ ስትመጣ ችግሩ ታያት። ሱቁ ሁለት ሜትር በሁለት ተኩል ነው፤ ቀስ ብሎ የሚነገርበት ቦታ የለውም። በዚያ ላይ ጋሼ ሜትር ጮክ ብሎ የማንበብ ልማድ አለው። የደንበኛ ልክ ሲጽፍም እንደዚሁ ነው።

«አባባ፣ በልብዎ ያንብቡት።»

«በልቤ ካነበብኩት አይገባኝም» አለና ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። «ገቢ፣ ሰማንያ ስድስት ሺህ አራት መቶ። ለገበርና ለክር፣ ሃያ ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ። ለኪራይና ለመሳሰለው፣ ሃምሳ ዘጠኝ ሺህ አርባ። ትርፍ፣ ዜሮ።» ቀና አለ። «ይሄ ትርፍ የእኔ ነው የእናንተ?»

«የእኛ» አለች። «በገንዘብ ነው።»

ጣቱ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ። «የባለቤት መዋጮ፣ ሠላሳ ሺህ።»

መነጽሩን አወለቀና ወደ በሩ ዞረ።

«አንቺ!»

«አቤት።»

«መዋጮ አስገብተሻል እንዴ?»

መምህርቷ ልታስረዳው አፏን ከፈተች። በመዝገብ ቋንቋ ባለቤት ማለት ሚስት አይደለም፤ የሱቁ ጌታ ማለት ነው፤ እርስዎ ማለት ነው። አንዱንም አልተናገረችም። በሩ ላይ መኪናው ቆሟል። የበሯ እናት በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ እያወጣች መርፌ መሰኪያው ላይ ትሰካለች። አራት ነበሩ። ሲያልቁ ወደ ምራቷ ዞረች።

«እንዴት አወቅሽ?» አለቻት።

መምህርቷ አላወቀችም ነበር።

«ምኑን ነው ያወቀችው?» አለ ጋሼ ሜትር።

«በቀን መቶ» አለች ሚስቱ። «ጠዋት ጠዋት፣ አንተ ክር ልትገዛ ስትሄድ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዝግጁ ልብስ ከመጣ ወዲህ።»

ዝግጁ ልብስ የመጣው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ማዶ ያሉት ሱቆች የተሰፋ ሱፍ በመስቀያ መስቀል ጀመሩ፤ በወር አሥራ ሁለት ይሰፋ የነበረው ጋሼ ሜትር ወደ ስድስት ወረደ። መሳቢያው ግን አልጎደለም። ሰው ለጥሩ ሥራ ይከፍላል ብሎ ለልጁ ስንት ጊዜ ነግሮታል።

«ሦስት መቶ ሠላሳ ሺህ» አለ።

«እኔ አልቆጠርኩም።»

«እኔ ቆጠርኩ።»

መንገድ ላይ ባዶ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ።

«እና እኔ ምን ስሠራ ነበር?»

«ሱፍ ስትሰፋ ነዋ።»

«በዜሮ።»

«ዜሮ መሆኑን ማን አወቀ? ይቺ ወረቀት እስክትመጣ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትዘጋዋለህ። ከዘጋኸው ቤት ትውላለህ። ቤት ከዋልክ ደግሞ መጋረጃውንም ድስቱንም እኔንም ስትለካ ነው የምትውለው።»

ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እሱ አልሳቀም። ውሉን ከጠመኔው ሣጥን ስር አውጥቶ ያልተፈረመበትን ቦታ አየና መልሶ አጠፈው።

«ስልኩ ይግባ» አለ። «አልፈርምም። ክር ልገዛ ነው።»

መደርደሪያው ላይ ሃያ ጥቅል ክር ነበር። በሚስቱ አጠገብ አልፎ ደረጃውን ወረደ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች መምህርቷ። «እኔ እኮ...»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? ወረቀትሽ ነው ያሳበቀው።» ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ያ ሰውዬ ቤት ከዋለ አይቆይልኝም። አውቀዋለሁ።»

መምህርቷ ወረቀቱን አየችው። ቁጥሮቹ ሁሉ ልክ ናቸው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ በሩ አልገባበትም።

«በቀን ስንት ሥራ ይሠራሉ?»

የበሯ እናት ከወንበሯ ስር ሁለት ጣሳ አወጣች። ወሩ ሲጀምር አንደኛው በሸሚዝ ቁልፍ ይሞላል። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ቁልፍ ወደ ሁለተኛው ጣሳ ይሸጋገራል። የዚፕ ነጭ፣ የማሳጠር ጥቁር። ማንም አላስተማራትም። ያለፈው ወር ቁልፎች ገና አልተመለሱም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው በአሥር በአሥር እየከመሩ ቆጠሩ።

ጋሼ ሜትር አንድ ጥቅል ክር ይዞ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ አያቸው።

«መቶ ዘጠና ዘጠኝ» አለች መምህርቷ።

ጎንበስ አለና ከእግሩ አጠገብ አንድ ጥቁር ቁልፍ አነሣ። «ሁለት መቶ» ብሎ ክምሩ ላይ አስቀመጠው።

መምህርቷ ወንበር ሳበችለት። «አባባ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሱቁን ለሁለት ቆርጬ አንዱን ወገን ብቻ ለካሁት። ውስጡና በሩ አንድ ልብስ ነው።» ጻፈች። ሁለት መቶ ሥራ በሃያ አምስት፣ አምስት ሺህ። ለዚፕና ለክር አንድ ሺህ አንድ መቶ ይወጣል። ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ይቀራል። ሁለት ሺህ አምስት መቶው ወደ መሳቢያው የሚገባው ነው፤ አንድ ሺህ አራት መቶውን የበሯ እናት ለጓዳው ታደርገዋለች።

«በሰዓትስ ስንት ይመጣል?» አለ ጋሼ ሜትር።

ይህን ባይጠይቅ ትመርጥ ነበር። «አንድ ሱፍ ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?»

«ሠላሳ ሁለት።»

«እርስዎስ እማማ፣ አንዱ ሥራ?»

«ሃያ ደቂቃ። ወሬኛ ደንበኛ ከመጣ ሠላሳ።»

ካልኩሌተሯን ነካካች። «የእርስዎ ሰዓት ሃያ አምስት ከምናምን ያስገባል አባባ። የእማማ ሃምሳ ስምንት።»

«ሃምሳ ስምንት» አለ፤ የወገብ ልክ እንደሚጽፍ።

«ጥቃቅኑ» አለች ሚስቱ።

«ዝም በይ እስቲ» አለ። ቁጣ አልነበረበትም።

ኪራዩ ስድስት ሺህ ሲሆን ከሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ይቀራል። ሱቁ ይቆማል፤ ለቤት ግን አይበቃም። መምህርቷ የሱፉን ዋጋ ለመጨረሻ ጊዜ የጨመረው መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። ሰባት ዓመት ሆኖታል።

«አንድ ሺህ አምስት መቶ ያድርጉት።»

«ሰው ይሸሻል።»

«ርካሽ የሚፈልገውማ ድሮ ሸሽቷል፤ ማዶ ነው የሚገዛው። እነዚህ ስድስቱ የሚመጡት ለእርስዎ እጅ ነው።»

በስድስት ሱፍ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ይጨምራል። ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ወጣ። ከበፊቱ የሚያንሰው በሁለት መቶ ብቻ ነው።

«ይሄ በደረቁ ወር ነው» አለች የበሯ እናት። «ዝናብ ባለበት ወር የጣሳው ሲሶ ይጎድላል።»

ጋሼ ሜትር ቁልፎቹን አንድ በአንድ ወደ ጣሳው መለሰ፤ ነጩን ከነጭ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። ይፈርም አይፈርም አልተናገረም። ምራቱም አልጠየቀችውም።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ስትመጣ ከመንገዱ ጥግ የመጋዝ ድምፅ ሰማች። ሱቁ ውስጥ አናጢው ጠረጴዛው ላይ ተንበርክኳል። ጋሼ ሜትር ጣውላውን በጠመኔ አስምሮበታል፤ ከጫፉ ስድሳ ሳንቲሜትር።

«ጋሼ፣ ከተቆረጠ በኋላ አይቀጠልም» አለ አናጢው። ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ከፊቱ ያስታውቃል።

«አርባ ዓመት ጨርቅ ለቆረጠ ሰው ይህን ትነግረዋለህ? ቁረጥ።»

«ሱፍ በአንድ ሜትር ከአርባ ላይ ይቆረጣል አባባ?» አለች መምህርቷ።

«አጥፎ ለሚቆርጥ ይቆረጣል።»

ሚስቱ ደረጃው ላይ ቆማለች። በሥራ ሰዓት ባዶ እጇን ስትቆም ምራቷ አይታት አታውቅም። ቁራጩ ጣውላ ሲወድቅ አናጢው በእግሩ ገፋ አደረገው። «ትርፉን ልውሰደው ጋሼ? ለመደርደሪያ ይሆነኛል።»

«ትርፍ የባለቤቱ ነው» አለ ጋሼ ሜትር። ጣውላውን አንሥቶ ሸካራውን ጫፍ በእጁ አበሰና ለሚስቱ ሰጣት። «ዚፖችሽን ትደረድሪበታለሽ።»

«ሳትለካው?»

«ለክቼዋለሁ።»

መኪናዋን አራት ሆነው አንሥተው አስገቡት። በሩና ጠረጴዛው መካከል ልክክ ብሎ ገባ፤ በአንድ ጣት እንኳ አልተረፈም። ደረጃው ላይ የእግሮቹ ቦታ አራት የተቦረቦረ ምልክት ትቶ ቀረ።

አከራዩ ስድስት ሰዓት ሲሞላ መጣ። መጀመሪያ ደረጃው ላይ ሰው ስላጣ ደነገጠ። ከዚያ ውስጥ አገኛቸው።

«እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ ጋሼ።»

ጋሼ ሜትር ብዕሩን ወደ ሚስቱ አሳለፈው። «እሷ ትቅደም። ባለቤቱ እሷ ናት።»

«ባለቤትዎ መሆናቸውንማ አውቃለሁ። ውሉ ግን...»

«የሱቁን ነው የምልህ።»

አከራዩ ወደ መምህርቷ ዞረ።

«በመዝገቡ እንደዚያ ነው» አለች።

የበሯ እናት ፈረመች። ጋሼ ሜትር ከስሯ ፈረመ። ቀለሙ ሳይደርቅ ከመንገድ ንፋስ ገባና የወረቀቱን ጫፍ አነሣው። ሚስቱ ትልቁን መቀስ አንሥታ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው። ጋሼ ሜትር አየ። መቀሱን አላነሣውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኪራዩ ሰባት ሺህ ገባ። ተከፈለ።